መካና አክሱም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአክሱም ሙስሊሞች በከተማቸው መስጊድ የመሥራት ጥያቄ በተነሳ ቁጥር «መጀመሪያ መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ» የሚል መልስ እሰማለሁ። ያመኛል። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጽዮንንም እወዳለሁ። ግን አክሱም ተወልዶ ያደገ ሙስሊም መካን አያስተዳድርም። የሳውዲን ሕግ እሱ አላወጣውም። ታዲያ ዕዳው እሱ ላይ ለምን ይወድቃል?

ያደግኩት ደሴ ነው። የሰፈራችን መስጊድ ጣሪያ ሲታደስ አባቴ ቆርቆሮ በትከሻው ተሸክሞ ነበር። ለጥምቀት ደግሞ ሙስሊም ጎረቤታችን ታቦት ለሚሸኘው ሕዝብ በጣሳ ውሃ ታድል ነበር። ማንም እምነቱ አልጎደለበትም።

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ያስጠጋቸው ክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። በዚያው ንጉሥ ከተማ ዛሬ ሙስሊሞች መስጊድ አጥተው ሰው ቤት ተሰባስበው ይሰግዳሉ።

ከተማዋ ቅድስት ናት የሚሉ ወገኖቼን ስጋት አልንቅም። ቦታው የት ይሁን፣ ከጽዮን ምን ያህል ይራቅ፣ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቻላል። የአክሱም አባቶችና የሙስሊሙ ሽማግሌዎች ይህን ውይይት እንዲጀምሩ እለምናለሁ።

የደሴው ልጅ፣ ከአዲስ አበባ