ለሐዋሳዋ እህቴ፦ ቀኑን አብረን እንቁጠር

እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያን ሁሉ ጊዜ ተጠፋፍተን ድንገት ድምፅሽን ስሰማ ደስታውና ድንጋጤው ተደባለቀብኝ። የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ቤት ገብቼ ደገምኩት። መሀል ላይ ሲቆራረጥ ኔትወርክ መስሎኝ ነበር። እያለቀስሽ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስለ መጠፋፋታችን ስንገናኝ እናወራለን፤ አሁን የሚያስቸኩለው ሌላ ነው።

በድምፅ ልመልስልሽ አስቤ ነበር። ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርሃቱ ሲቀሰቅስሽ አውጥተሽ የምታነቢው ነገር ይሻላል ብዬ ጻፍኩልሽ።

«እግዜር ነው የቀጣኝ» ያልሽውን አልወደድኩትም። ለስልጠና አዳማ ሄድሽ፣ ከአንድ ሰው ጋር ተግባባችሁ፣ አብራችሁ አደራችሁ፣ ኮንዶሙ ተበጠሰ። የሆነው ይህ ነው። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ የምውለው የሰው ደም ሳይ ነው። ያገባውም ያላገባውም፣ ቆራቢውም ጭፈራ ቤት የሚያመሸውም ይመጣል። ከስሙና ከጠባዩ ተነስቼ ውጤቱን መገመት የቻልኩበት ቀን የለም። ስለዚህ ራስሽን መክሰሱን ተይውና የሚደረገውን እናድርግ።

ጉሮሮሽን ማመሙን፣ ማታ ማታ ማተኮሱን፣ አንገትሽ ላይ እብጠት የነካሽ መምሰሉን ነግረሽኛል። ጎግል ላይ ያነበብሽውም ሁሉ ወደ አንድ ነገር ወስዶሻል። ሳልደብቅ ልንገርሽ፦ ኤችአይቪ አዲስ የያዘው ሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሊኖረው ይችላል። ያው ትኩሳትና ያው የጉሮሮ ሕመም ግን የጉንፋንም የቶንሲልም ነው። ቫይረሱ ገብቶ ምንም ምልክት የማያሳዩም ብዙ ናቸው። ጉሮሮሽ ቢያምሽም ባያምሽም መልሱን አይነግርሽም። አንገትሽን ደግሞ መደባበስ አቁሚ፤ ቀኑን ሙሉ ሲጫኑት የዋለ እጢ በዚያ ብቻ ያምማል።

አሁን ወደ ምርመራው። በአሥረኛው ቀን ተመርምረሽ ኔጌቲቭ ብለውሽ አላመንሽም። ወረቀቱ ውሸት አይደለም፤ አንቺ ለጠየቅሽው ጥያቄ ግን ገና መልስ አልሆነም። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን ራሱን አይደለም የሚፈልገው። ሰውነትሽ ቫይረሱን ለመመከት የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። ሰውነት ያንን እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጅበታል። የአሥረኛው ቀን ውጤት የሚነግርሽ አዳማ ከመሄድሽ ከወራት በፊት ነፃ እንደነበርሽ ነው። እሱም ቢሆን ጥሩ ነገር ነው፣ አትጣይው።

ቫይረሱንም አንቲቦዲውንም አብሮ የሚያይ የላብራቶሪ ምርመራ አለ፤ ከክንድ ደም ተወስዶ ነው የሚሠራው። እሱ በ45ኛው ቀን ኔጌቲቭ ካለ ልብሽ ሊያርፍ ይችላል። በጣት ደም ለሚሠራው፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ በራስ ለሚደረገው፣ 90 ቀን እንጠብቃለን። በመሀል በየሳምንቱ እየሄድሽ ጣትሽን አታስወጊ። እንደዚያ የሚያደርጉ ደንበኞች አሉኝ፤ በየጊዜው ኔጌቲቭ ይባላሉ፣ በየጊዜው ሳያምኑ ይወጣሉ።

እዚያ መስኮት በኩል ምን እንደሚሆን ብታውቂ ፍርሃቱ ይቀልልሽ ይመስለኛል። አንድ ጠብታ ደም ካሴቷ ላይ፣ ትንሿ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ማለቴ ነው፣ አደርጋለሁ፣ ፈሳሹን እጨምራለሁ፣ ሰዓት እይዛለሁ። ደሙ ቀስ እያለ ወረቀቱን እየነከረ ይወጣል። «ሲ» የሚለው ጋ ቀይ መስመር መውጣት አለበት፤ እሱ ካሴቷ በትክክል መሥራቷን ነው የሚያሳየው። «ቲ» ጋ ምንም ካልመጣ ኔጌቲቭ ነው። ቢመጣም በአንድ ካሴት ብቻ ማንም «አለብሽ» አይባልም። በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይደገማል፣ ተረጋግጦ ነው የሚነገረው። ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች በሩን ከፍቼ በወጣሁ ቁጥር ፊቴን ያነባሉ። ለውኃ ብወጣ እንኳ ያነባሉ። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ይዤ መውጣት ለምጃለሁ። አንቺም ስትቀመጪ ከማንም ፊት ምንም አታንብቢ።

የመያዝ ዕድሉ ስንት እንደሆነም ጠይቀሽኛል። ሰውየው ቫይረሱ ኖሮበት መድኃኒት የማይወስድ እንኳ ቢሆን፣ በአንድ ግንኙነት ወደ ሴቷ የሚተላለፍበት ዕድል በአማካይ ከ10,000 ውስጥ 8 ገደማ ነው። ቁስል ወይም ሌላ አባላዘር ካለ ይጨምራል። በ2010 ዓ.ም. በከተሞቻችን በተደረገው ትልቅ ጥናት ደግሞ ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት ወንዶች ቫይረሱ የተገኘባቸው 1.9 በመቶ ነበሩ። ይህን የምነግርሽ ምርመራውን እንድትተዪ አይደለም። እንቅልፍ እንድትተኚ ነው።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒት አለ፤ እኛ ጋ ፔፕ ይሉታል። 28 ቀን ይዋጣል። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ላንቺ ጊዜው አልፏል፤ ማንም ስላልነገረሽ ነው። በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን የሚመጡ ስንት ልጆች አየሁ! ሦስቱን ቀን በሀፍረት ቤታቸው ዘግተው ያሳለፉ ናቸው። ፖስት ፒልን ሁሉም ያውቃል፤ ፔፕን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እባክሽ ለታናናሾችሽ ንገሪያቸው። አንቺም ፖስት ፒል መውሰድሽን ነግረሽኛል፤ ለእርግዝናው ነው እንጂ ለበሽታው ምንም አይሠራም። እሱም መቶ በመቶ ስላልሆነ፣ ሦስት ሳምንት ስላለፈ አሁን የሽንት ምርመራ አድርጊ። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ውጤት የሚታመን ነው።

ሐሳብሽ ሁሉ ኤችአይቪ ላይ ስለሆነ ሌሎቹን የአባላዘር በሽታዎች ረስተሻቸዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን እነሱ ናቸው፤ ከኤችአይቪ ይልቅ በቀላሉ ይተላለፋሉና። ጨብጥና ክላሚዲያ ወንዱን ሊያቃጥሉት፣ ፈሳሽ ሊያሳዩት ይችላሉ። ሴቷ ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ዝም ብለው ወደ ማሕፀን ቱቦ ይወጣሉ፣ ከዓመታት በኋላ «ለምን አላረገዝኩም» ሲባል ነው የሚታወቁት። ብዙ ጤና ጣቢያ ለእነሱ የተለየ የላብራቶሪ ምርመራ የለውም፤ በምልክት ነው የሚታከመው። ስለዚህ የታችኛው ሆድሽን ካመመሽ ወይም ፈሳሹ ከተለወጠ ሳታፍሪ በግልጽ ተናገሪ። ምልክት ባይኖርሽም ኮንዶም መበጠሱን ተናገሪ።

ቂጥኝ ደግሞ ተንኮሉ ሌላ ነው። ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ አንድ የማያምም ቁስል ያወጣል፤ ውስጥ ከሆነ አታይውም። ቁስሉ ከሳምንታት በኋላ በራሱ ይድናል፣ በሽታው ግን ደም ውስጥ ይቀራል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ከፋርማሲ ገዝተሽ የጀመርሽውን ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ አሁኑኑ አቁሚው። ጨብጥ ሲፕሮን ከለመደው ቆይቷል፤ ቂጥኝንም አያድንም። ትርፉ ሐኪሙ የሚያየውን ምልክት ማደብዘዝ ብቻ ነው።

የጉበቱ ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ በግንኙነት ይተላለፋል። ክትባቱ ለሕፃናት የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ እኔና አንቺ ደብተር ይዘን ትምህርት ቤት የምንሄድ ልጆች ነበርን፤ ስለዚህ አልደረሰንም። ተመርመሪ፣ ነፃ ከሆንሽ ሦስቱን ዙር ተከተቢ።

«ኤችአይቪ ቢገኝብኝስ?» ላልሽው። ያኔ ሰው በኤድስ ሲያልቅ ልጅ ሆነን ያየነው በዓይንሽ ላይ እንደቀረ አውቃለሁ። የሰፈራችን ድንኳን በየሳምንቱ ይተከል ነበር። ያ ጊዜ አልፏል። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። አሁን ብዙዎቹ የሚወስዱት በቀን አንድ ክኒን ነው። በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ያገባል፣ ነፃ ልጅ ይወልዳል። እንጦጦ ጠበል ልግባ ማለትሽንም አልቃወምም። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረዋል። ጠበሉን ግን በምርመራው ቦታ አትተኪው።

ሰውየው ስልኩ ካለሽ ንገሪው። ጠብ ውስጥ አትግቢ፤ «ኮንዶሙ ስለተበጠሰ እየተመረመርኩ ነው፣ አንተም ተመርመር» በቂ ነው። አንቺ ላይ አንድ ነገር ከተገኘ እሱም መታከም አለበት። እሱ ነፃ ነኝ ቢልሽ ግን የራስሽን ምርመራ አትተዪ፣ እሱም እንዳንቺ ገና ጊዜው ያልደረሰ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ከማንም ጋር ያለ ኮንዶም አይሁን።

ሐዋሳ መመርመሩ ያስፈራሽ የአክስትሽ ልጅ እዚያ ስለምትሠራ መሆኑ ገብቶኛል። እኛ ጋ ስምሽ በግልጽ አይጠራም፣ በኮድ ይሠራልሻል። ዓርብ ከሥራ እንደወጣሽ ተሳፈሪ። እኔ ጋ ታድሪያለሽ፣ እናቴም ስላንቺ ሁልጊዜ ትጠይቃለች፤ ለምን እንደመጣሽ የምትነግሪያት እኔ አይደለሁም። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንገባለን። ሐኪሟ ታይሻለች፣ የጉበቱን፣ የቂጥኙንና የእርግዝናውን ያኔ እንጨርሳለን። ቂጥኙን በኋላ እንደግመዋለን። ደምሽን የምትቀዳሽ ባልደረባዬ ናት፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ለኤችአይቪው የ45ኛውን ቀን አስልቼ ስልኬ ላይ ሞልቼዋለሁ፤ ያኔም ትመጫለሽ።

የአሥረኛውን ቀን የምርመራ ወረቀትና የሲፕሮውን ማሸጊያ ይዘሽ ነይ። ስንት ፍሬ እንደዋጥሽ ሐኪሟ ትጠይቅሻለች።

የአንቺው