አባባ፣ ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ዘጋቢነት ሥራዎ እንዲያጫውቷቸው ቢለምኑዎት «እኔ ምን አውቄ» ብለው እንደመለሷቸው እማማ ነገሩኝ። እኔ ግን ይሂዱ ባይ ነኝ። ስለ ፋሲል ግንብ አይንገሯቸው፤ እሱን አስጎብኚዎቹ ይጨርሱታል። የ2012ቱን የጎንደር ጥምቀት ይንገሯቸው።

በዓሉ በዩኔስኮ በተመዘገበ በወሩ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። አርታኢዎቹ «የሟቾቹን ስም ላክ» እያሉ ስልክዎን ሲያጣድፉት፣ እርስዎ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው «ቤተሰብ መርዶ ሳይነገረው ስም ከእኔ አይወጣም» አሉ። ስንት መርዶ ከሽማግሌዎች ጋር ማለዳ ሄደው ያረዱ የዕድር ጸሐፊ ሌላ ምን ይላል? ዜናው ዘገየ፤ ተወቀሱም። ከቀብሩ በኋላ ግን መቀመጫውን ማን ሠራው፣ ማንስ መረመረው እያሉ ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ የሰነበቱት እርስዎ ነበሩ። ስም ለመላክ የተጣደፉት ያን ጊዜ ወደ ሌላ ዜና አልፈዋል።

የከተማችን ውኃ የሚመጣበትን የአንገረብ ግድብ ነገርም አይርሱት። ውኃ በፈረቃ ሆኖ ሰው ሁሉ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሲያማርር፣ እርስዎ ከግድቡ በላይ ወዳሉት ተዳፋት ማሳዎች በእግርዎ ወጡ። ግድቡን የሚሞላው ደለል ከየት እንደሚታጠብ ገበሬዎቹን ጠየቁ፤ አንዱ እርከኑ የፈረሰበትን ቦታ በዱላው እያመለከተ ሲያሳይዎት እኔም አጠገብዎ ነበርኩ። ጫማዎ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለሱ እማማ የተቆጡት ቁጣ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

በአንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልስማማዎትም። የሰፈራችን ቧንቧ ሲበላሽ «እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ፣ አያምርም» ብለው ዜናውን ለባልደረባዎ ለቀቁ። ጎረቤቱ «የራሳችን ሰው ዝም አለን» ብሎ አኮረፈዎት። ያን ቧንቧ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጸሐፊነትዎን እዚያው ዜናው ላይ ገልጸው ቢጽፉ ማን ይነቅፍዎት ነበር? ይህንንም ለተማሪዎቹ ያንሱላቸውና ይከራከሩበት። ከፈረዱልኝ ግን አይደብቁኝ።

መነጽርዎን በሰው ልኬያለሁ። ዳገቱን በእግርዎ አይውጡት፤ ባጃጅ ይያዙ። ቀኑ እንደተቆረጠ ይደውሉልኝ፤ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ።

ልጅዎ