ስለ መርዶ ለጻፈው ወጣት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት በአንባቢያን ዓምድ ላይ አንድ ወጣት «መርዶ ይቅር» ብሎ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን በንዴት፣ ሁለተኛውን ቡና እየጠጣሁ።

የልጁ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። አክስቱ ሞተች። ለእናቱ ሳይነገር ሁለት ቀን አለፈ። እሱ ግን ወሬውን በስልኩ ሰምቷል። ሁለት ቀን ሙሉ የእናቱን ፊት እያየ ዝም ማለት ከበደው። «በመረጃ ዘመን ሰውን ስለ ገዛ እህቱ ሞት ማሞኘት ኋላ ቀርነት ነው» አለ። ሳይንስ የት ደርሷል፣ እኛ ገና በሌሊት ተሰብስበን እንንሾካሾካለን ሲልም ጨመረበት።

ልጄ፣ ግማሹን ተቀብዬሃለሁ። በቀረው ግማሽ እንነጋገር።

እኔ 37 ዓመት በነርስነት ሠርቼ በ2017 ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምኖርበት ብሎክ እድር ጸሐፊ ነኝ። ሞትን በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ፤ በሆስፒታሉም በድንኳኑም።

አንተ ያየኸው ሹክሹክታውን ነው። እኔ ከውስጥ ያየሁትን ላሳይህ።

አምና አራተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤታችን ወንድሟ ደብረ ማርቆስ አረፈ። ወሬው እኛ ጋ የደረሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሴትዮዋ ግፊትም ስኳርም አለባት። ያን ማታ አልነገርናትም። የታች ጎረቤቷ ሽሮ ይዛ በሰበብ ወጣችና እራቷን መብላቷን፣ መድኃኒቷን መዋጧን አይታ ወረደች። ታናሽ እህቷን ከሰሚት አስመጣን። መኪና ተከራየን። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሰባት ሆነን ደረጃውን ተያያዝነው። ሊፍት የለንም። ሁለቱ ሽማግሌዎች በየፎቁ እያረፉ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ጥበቃው ባትሪውን አበራብን። ሲያየን ገባው መሰለኝ፣ አጠፋና ኮፍያውን አወለቀ።

ነጠላችንን እንደ ወትሮው ነው ያደረግነው። ዘቅዝቀን ብንሄድ ገና በሩን ስትከፍት ታውቀዋለች። እኔ የግፊት መለኪያዬን ነጠላዬ ሥር ይዣለሁ። አንድ ጎልማሳ እንደገባን በቀጥታ ሄዶ የበረንዳው በር ላይ ቆመ። ይሄ እንኳ አዲስ ነው። ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ ስንኖር በረንዳ የሚጠብቅ ሰው አያስፈልገንም ነበር። ፎቅ ስንወጣ የመጣ ሥራ ነው።

እህቷ ስልኳን አነሳች። ሴትዮዋን አስቀመጥናት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ወንድምሽ ሰሞኑን አሞት ነበር አይደል?» አሏት።

«አዎ፣ ተሽሎታል ብለውኝ ነበር።»

«ጠንቶበት ነበር» አሉና ዝም አሉ። ዝምታው ሁለት ሦስት ትንፋሽ ቢሆን ነው። ዓይኗ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ሄደ። ከዚያ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት።

ጮኸች። እጇን ይዘን አስጮህናት። ትንሽ ስትረጋ ግፊቷን ለካሁ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሜ ለካሁ። ነጠላችንን ያኔ ዘቀዘቅን። ሲነጋጋ መኪናው ደጅ ቆሞ ነበር፤ 9 ሰዓት ለሆነው ቀብር ደርሳለች። ከሰማችበት ደቂቃ ጀምሮ ብቻዋን ያለቀሰችበት ጊዜ የለም።

ማታ ነግረናት ቢሆንስ? መኪና የለ፣ ሰው የለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ እያየች ታነጋለች። ስምንት ሰዓት ነው የቆየነው። ያን ስምንት ሰዓት ማሞኘት ካልከው፣ አዎ፣ አሞኝተናታል።

አሁን ወደ ሳይንሱ። እኔ የተማርኩ ጊዜ ሞትን እንዴት እንደምንነግር ያስተማረን ሰው የለም። መርፌ መውጋት ተማርን፣ አልጋ ማንጠፍ ተማርን። የሞተ ሰው ቤተሰብ ግን ኮሪደር ላይ ነበር የሚጠራው። ካርድ የያዘ ሐኪም ይመጣና «አላተረፍናቸውም፣ አዝናለሁ» ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ይገባል። ሐኪሙን ብቻ አልወቅስም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጓንቴን ሳላወልቅ ለአንዲት እናት ነግሬያለሁ። ሴትየዋ ፊቴን ሳይሆን ጓንቱን ነበር የምታየው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስልጠና መጣ። ስፓይክስ ይባላል። የካንሰር ሐኪሞች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2000 ያሳተሙት፣ ክፉ ዜና የሚነገርበት ባለ ስድስት ደረጃ ዘዴ ነው። አሰልጣኙ ልጄ የሚሆን ዶክተር ነው። መጀመሪያ ቦታውን አዘጋጁ አለ፤ ሰውየውን አስቀምጡ፣ እናንተም ቁጭ በሉ፣ ዘመድ አጠገቡ ይኑር፣ ስልክ ዝም ይበል። ቀጥሎ ምን ያህል እንደሚያውቅ ጠይቁት። ዜናውን በአንዴ አታፍስሱበት፣ መምጣቱን የሚያስጠነቅቅ ቃል አስቀድሙ። ሲያለቅስ አታቋርጡት። ከዚያ ቀጥሎ የሚደረገውን አብራችሁ ተነጋገሩ። ኋላ ወንበር ላይ የነበርን ሁለት አሮጌ ነርሶች ተያይተን ሳቅን። «አሞት ነበር አይደል»፣ «ጠንቶበት ነበር»፣ ደጅ የቆመው መኪና፤ የካዛንቺስ ሽማግሌዎች ሁሉንም ያውቁታል። የቀራቸው ፓወር ፖይንት ነው።

አንዱን ግን አያውቁትም። ሦስተኛው ደረጃ ሰውየው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቁት ይላል። እኛ ጋ ይሄ የለም። እኛ ለሰውየው እንወስንለታለን። ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ፤ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ከዚያ በፊት ግን፣ «ሳይንስ የት ደርሷል» ብለህ ጠይቀሃል። የልብ ነገር ላይ ደርሷል። በ2012፣ በእነሱው አቆጣጠር፣ የቦስተን ተመራማሪዎች ሃርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ 2,000 ያህል ሰዎችን ጠይቀው አንድ ጥናት አወጡ። የሚወዱት ሰው መሞቱን ተከትሎ ባለው የመጀመሪያ ቀን፣ ሃርት አታክ የመያዝ ዕድል ከወትሮው 21 እጥፍ ከፍ ብሎ አገኙት። ቀን በቀን እየቀነሰ ይሄዳል። ጃፓኖች ደግሞ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990 ታኮትሱቦ ያሉት የልብ ሕመም አለ። ታኮትሱቦ ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበት እንስራ ነው። በድንገተኛ ሐዘን ወይም ድንጋጤ የግራው የልብ ክፍል እንደዚያ እንስራ ይነፋል፣ ደም መግፋት ያቅተዋል። በብዛት የሚይዘው ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶችን ነው። እናቶቻችን «ደንግጣ ቀረች» ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

በወግ የተነገረ መርዶ ልብ አያቆምም አልልህም። ሐዘን ሐዘን ነው። ግን ያ የመጀመሪያ ቀን ሲጀምር ሰው ቤቱ ውስጥ፣ እራቱን በልቶ፣ ግፊት መለኪያ የያዘ ጎረቤት አጠገቡ ቢሆን፣ ታክሲ ውስጥ ቆሞ ስልኩን ሲጎረጉር ከሚያገኘው ይሻለዋል።

ስልክ ካልኩ አይቀር። ጎረቤታችን ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አባቷ ሐሙስ ጠዋት አረፉ። ዓርብ የእረፍት ቀኗ ነው። እዚያው ጅዳ ያለች ጓደኛዋን አግኝተን፣ ዓርብ ጠዋት ከሁለት ሴቶች ጋር ሄዳ እንድታረዳት ተነጋገርን። አንድ ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። አንድ የአጎቷ ልጅ ግን ሐሙስ 6 ሰዓት ላይ የአባቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። «ነፍስ ይማር የኔ ጀግና»። ክፋት የለበትም። እሱም አልቅሶ ነው የለጠፈው።

ልጅቷ ልብስ ስትተኩስ አየችው። የእናቷን ስልክ ደጋግማ ደወለች። ስልኩ ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ሥር ነበር፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ሲስተር፣ ውሸት ነው በይኝ» አለችኝ። ምን እላለሁ? ነርስ ነኝ፣ 37 ዓመት። ምንም አላልኩም። ካውያው ልብሱን ማቃጠሉን፣ ማዳሟ የቃጠሎው ሽታ ደርሷት ሮጣ መምጣቷን የነገረችኝ በኋላ ነው። ማዳሟ አማርኛ አታውቅም፣ ፎቶውን አየች፣ ካውያውን ነቀለችና ወለሉ ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች። ደግ ሴት ገጥማት ነው። ሁሉም እንዲህ አይገጥማትም።

አሜሪካ ያሉት ከእኛ በተሻለ ይዘውታል ብል ትገረም ይሆናል። ቨርጂኒያ ያለች እህቴ አማቷ እዚህ ሲያርፉ፣ ከዚህ የተደወለው ለእሷ ሳይሆን ለጓደኛዋ ነው። የሰዓቱ ልዩነት ሰባት ስምንት ሰዓት ነው፤ እኛ ጋ ሲነጋ እነሱ ገና እየተኙ ነው። ጓደኞቿ ጠዋት ሥራ ሳትሄድ ቄስ ይዘው ደረሱ። አንዷ ለአለቃዋ ደውላ ፈቃድ ጠይቃላታለች፣ ሌላዋ የአውሮፕላን ዋጋ አይታለች። ስልኩ መርዶውን አልተናገረም፤ ሰው ሰበሰበ። እኔ የምልህም ይሄንኑ ነው። ስልክህን ሰው ሰብስብበት። መርዶውን አትላክበት።

አሁን ደግሞ ግማሹን ተቀብዬሃለሁ ያልኩት።

በ1979 ነርስ ትምህርት ቤት ሳለሁ አባቴ ደሴ ሞተ። አልነገሩኝም። ፈተናዬ እስኪያልቅ ተብሎ አራት ወር ደበቁኝ። ዝም ቢሉኝ እንኳ ደግ ነበር። ወንድሜ በየሁለት ሳምንቱ ደብዳቤ ይጽፍልኛል፤ «አባታችን ደህና ነው፣ ሰላም በልልኝ ብሎሻል» እያለ። ጾታዬን እንኳ ሳያስተካክል፣ አንድ ቦታ ላይ «ብሎሃል» ብሎ ጽፏል። እጁ እየተንቀጠቀጠ ይሆናል። እኔ ሳነበው ሳቅኩበት።

ፈተናዬን አለፍኩ። መርካቶ ወርጄ ለአባቴ ባርኔጣ ገዛሁ። ደሴ ስደርስ ሳሎኑ በሽማግሌ ተሞልቷል። ባርኔጣውን የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላስታውስም።

በአማርኛችን «ተረዳ» ማለት መርዶ ሰማ ማለት ነው፤ ገባው ማለትም ነው። ያን ቀን ሁለተኛው አልሆነልኝም። አርባው አልፏል። ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። እኔ ብቻዬን እንደ እንግዳ የማለቅስ መሰለኝ። እርሜን በወጉ ያወጣሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹን ይቅር ብያለሁ። ደብዳቤዎቹን ገና ነኝ። ወንድሜ ይሄን ጋዜጣ ያነባል፤ ይወቀው።

ስለዚህ ልጄ፣ ያ ሁለት ቀን በዝቷል፣ እውነትህን ነው። ቀብሩ ያመለጣት እናት መናደድ መብቷ ነው። እስኪነጋ፣ ዘመድ እስኪደርስ፣ ይሄ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው መደበቅ ነው።

እኛ እድር ውስጥ ይሄን ነገር አምና በጠቅላላ ጉባኤ አንስተነው ነበር። ከጅዳዋ ልጅ በኋላ ነው። ሦስት እሁድ ተጨቃጨቅን። አንዱ «ፌስቡክን እድር ሊቆጣጠር ነው?» ብሎ አሳቀን። በመጨረሻ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ገባ፤ የቅርብ ቤተሰብ መረዳቱ ሳይረጋገጥ በቴሌግራም ግሩፑም ሆነ በሌላ ስለ ሞት የጻፈ አባል 200 ብር ይቀጣል። አንቀጹን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዋ ተቀጪም እኔው ሆንኩ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አዛውንት ሲያርፉ ልጆቻቸው በሙሉ ሰምተዋል ብዬ የቀብሩን ሰዓት ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ለካ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ግሩፑ ውስጥ ናት። የእናቷን መዋጮ የምትከፍለው እሷ ስለሆነች አስገብተናት ረስተናታል። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን እኔው እንድጽፍ አደረጉ፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኛ። የራሴን ቅጣት በራሴ እጅ ጽፌ ፈረምኩ። 200 ብሩን እዚያው በቴሌብር ላክሁ።

ማታ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። አልተቆጣችም። «ሲስተር፣ ክፍል ውስጥ ነበርኩ እኮ» ነው ያለችኝ።

ጡረተኛ ነርስ
ከጀሞ