የአክሱም ሐውልት ከልጆች የሮም መጻሕፍት ለምን ይቀራል?

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ምን ያንብቡ በሚል ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። እኔ ሮም ውስጥ ልጆች የማሳድግ እናት ነኝ። የጣሊያንን ታሪክና ጥበብ ለልጆች የሚተርኩ መጻሕፍት ቤታችን ሞልተዋል። አብዛኞቹን እወዳቸዋለሁ። እነዚያ በእጄ የገቡት ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘለዋል።

መጀመሪያ ጥሩነታቸውን ልናገር። ጥሩ የልጆች መጽሐፍ “ይህ ድንቅ ሥራ ነው” ብሎ አያልፍም። እንዴት ተሠራ? ማን አንቀሳቀሰው? ልጅ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ፍሎረንስ ያለውን የማይክል አንጄሎን የዳዊት ሐውልት እናንሳ። ሌሎች ጀምረው የተዉት እብነ በረድ ለብዙ ዓመታት ግቢ ውስጥ ወድቆ ነበር። ማይክል አንጄሎ በ1501 መቅረጽ ጀመረና በ1504 ጨረሰው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከ5 ሜትር በላይ ስለሚረዝም፣ ከግቢው ለማውጣት ከበሩ በላይ ያለው ግንብ ፈረሰ። ከ40 የሚበልጡ ሰዎች እየገፉት ወደሚቆምበት አደባባይ ለመድረስ 4 ቀን ፈጀ። ሌሊት ሰዎች ድንጋይ ስለወረወሩበት ጠባቂ ቆመለት። ይህን የሰማ ልጅ ሙዚየም ውስጥ “መቼ ነው የምንወጣው?” አይልም።

የሮም መጻሕፍት ደግሞ ኦቤሊስክ በሚባሉት፣ እንደ ዓምድ በቆሙ ረጃጅም የድንጋይ ሐውልቶች ላይ ይበረታሉ። ከተማዋ እንዲህ ያሉ 13 ጥንታዊ ሐውልቶች አሏት። ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ያለውን በ1586 ዶሜኒኮ ፎንታና የተባለ መሐንዲስ ወደ 900 በሚጠጉ ሠራተኞችና በፈረሶች ጉልበት እንዴት እንዳቆመው በሥዕል ያሳያሉ። ልጆቼ ይህን ገጽ ደጋግመው ያስነብቡኛል።

ታዲያ የእኛ ሐውልት የት ሄደ? የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ በ1937፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ተወስዶ ሮም ገባ። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆመ። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የወሰደችውን ለመመለስ ተስማምታ ነበር። ሐውልቱ ግን አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በግዙፍ የአንቶኖቭ አውሮፕላን። በ2008 አክሱም ላይ እንደገና ቆመ። እንዴት ተነሣ፣ እንዴት ተጓዘ ለሚል ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ ይገኛል?

ወራሪነትና ዘረፋ ለልጅ ይከብዳል የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። እነዚሁ መጻሕፍት በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ የቀበራትን ፖምፔይን ያስጎበኛሉ። አመድ ውስጥ የሞቱ ሰዎችን ቅርጽ በፎቶ ያሳያሉ። ግላዲያተር ስለሚባሉ፣ በሕዝብ ፊት ስለሚጋደሉ ሰዎች ይተርካሉ። ይህን ሁሉ የቻለ ልጅ፣ አንድ መንግሥት የሰው አገር ወርሮ ቅርስ እንደወሰደ፣ ቆይቶም እንደመለሰ መስማት አያቅተውም። የጣሊያን ልጆችም ቢሆኑ የገዛ አገራቸው ታሪክ ነውና ሊያውቁት ይገባል። የእኔ ልጆች ደግሞ ከነሱ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚቀመጡት። ስለ ሮም ሐውልቶች ሲወራ ስለ አክሱም የሚያነሣ መጽሐፍ እጃቸው ላይ ቢኖር ደስ ይለኛል።

እዚህ ያላችሁ ወላጆች፣ ለልጅ መጽሐፍ ስትገዙ ገልጣችሁ እዩ። ይህ ታሪክ ከሌለበት ለአሳታሚው ጻፉ። እኔ ጽፌያለሁ።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። የሐውልቱን ጉዞ ልጅ በሚገባው ቀላል አማርኛ፣ ከካርታና ከሥዕል ጋር በአንድ ገጽ አውጡልን። ከቻላችሁ የጣሊያንኛ ትርጉሙንም ጎን ለጎን አድርጉት፤ ልጆቻችን ለአስተማሪዎቻቸው ይዘውት ይሄዳሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከሮም