ካርድህን በሁለት እጅህ ስጥ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ጃፓኖች የመንዝ ሱፍ ምንጣፋችሁን ለማየት ደብረ ብርሃን ድረስ ሊመጡ ነው ስትለኝ እልል አልኩ። ቢዝነስ ካርድ ላሳትም ነው ስላልከኝ ግን ይህን ሳልጽፍልህ ማደር አልቻልኩም። እዚህ ቶኪዮ የሰው ካርድ ማለት ሰውየው ራሱ ማለት ነው።

በሥራ ቦታዬ ሁሌ የማየውን ልንገርህ። ካርድ የሚለዋወጡት ቆመው ነው። በጠረጴዛ ላይ ተሻግሮ መስጠት የለም፤ ዞረው ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ካርዱ ከብር መሀል አይመዘዝም፣ የራሱ መያዣ አለው። ጽሑፉን ወደ ተቀባዩ አዙረው፣ በሁለት እጅ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ስማቸውንና ድርጅታቸውን እየተናገሩ ይሰጣሉ። እንግዳው ወይም በማዕረግ ያነሰው ይቀድማል።

ዋናው ግን አቀባበሉ ነው። እንደተቀበልክ ኪስህ እንዳትከተው። አንብበው፣ ስሙን ጥራው። ስብሰባው እስኪያልቅ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። ብዙ ከሆኑ በአቀማመጣቸው ደርድረው፤ ስም ሲጠፋብህ አየት ታደርጋለህ። የአለቃቸውን ካርድ መያዣህ ላይ አስቀምጠው። እነሱ እያዩ አትጻፍበት። የኋላ ኪስህ ውስጥ ከተህ እላዩ ላይ እንዳትቀመጥ ደግሞ አደራ!

ይሄን ሁሉ እንዴት እችለዋለሁ እንዳትል። ለእንግዳ ጠላ በአንድ እጅ ስናቀብል አባባ ሲቆጡን አስታውስ፤ ያኔ የተማርነው ይኸው ነው። ኮሪያዎችማ ቀኝ እጃቸውን በግራ ደገፍ አድርገው ሲሰጡ ሳይ አገሬ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ቻይኖችም በሁለት እጅ ነው የሚሰጡት። ዐረብ ወይም ህንድ ከመጣ ቢያንስ በቀኝህ ስጥ፣ ግራ እጅ ብቻ ነውር ነው። አሜሪካዊ ካርድህን ሳያነብ ኪሱ ቢከተው ግን ናቀኝ ብለህ አትከፋ፤ ልማዳቸው ነው።

ስለ ኅትመቱ፣ የጃፓን ካርድ 91 በ55 ሚሊሜትር ነው። በዚያው ልክ ብታሠራው ከመያዣቸው ጋር ይስማማል። በአንዱ ገጽ ጃፓንኛ ይሁን፣ ጽሑፉን እኔ እልክልሃለሁ። ስልክህን በ+251 ጀምረህ ከፊት ያለውን ዜሮ አውጣ። እነሱ የሚጠራሩት በቤተሰብ ስም ስለሆነ አንተንም በአባባ ስም ሊጠሩህ ይችላሉ። ግር አይበልህ፤ ስትተዋወቁ «በዚህ ስም ጥሩኝ» በላቸው። ካርድ ደግሞ በርከት አድርገህ ያዝ፣ መሀል ላይ አለቀብኝ ማለት ያሳፍራል።

ማተሚያ ቤት ከመስጠትህ በፊት ረቂቁን በቴሌግራም ላክልኝ። የሆነ ፊደል ተሳስቶ እንዳይታተም አብረን እናየዋለን። የአባባንና የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ።

እህትህ፣ ከቶኪዮ