ቤቱን «ለልጆቼ እኩል» ብሎ መተው አይበቃም

ውድ ልጄ፣

ስለ ኑዛዜ ማውራት ሟርት እንደሚመስልሽ አውቃለሁ። ባለፈው ስጀምርልሽ «አባዬ ተው እባክህ» ብለሽ ወሬ ለወጥሽ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል አልኩ። አትስጊ፣ ምንም አልታመምኩም። እንዲያውም ይህ ነገር ማለቅ ያለበት በደህና ጊዜ ነው።

ብዙ ወላጅ «ቤቱ ለልጆቼ እኩል» ብሎ ይጽፍና ጨረስኩ ይላል። ለእኔ ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ቢሆን ለሦስት ይካፈላል፤ አንድ ቤት ግን እንዴት ይካፈላል? ለመሸጥ ሦስታችሁም መስማማት አለባችሁ፤ ለማከራየትና ለማደስም ቢሆን ካልተስማማችሁ ጣጣ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ማን ይከፍላል? ወንድምሽ እዚያው ቢኖር ለእናንተ ኪራይ ይክፈል? ታላቅ እህትሽ ገንዘቡ ቸግሯት «ይሸጥ» ብትልስ? በብዙ አገር ሕግ ማንኛውም የጋራ ባለቤት ድርሻዬ ይለይልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል። ቤቱ ለመከፋፈል የማይመች ከሆነ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ሊያዝ ይችላል። ሐራጅ ላይ ደግሞ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገባውን ዋጋ አያወጣም። ዓመታት ሲያልፉ ይብሳል። ከእናንተ አንዱ ቢሞት ድርሻው ወደ ወራሾቹ ያልፋል። ያኔ የሦስት ሰው ፊርማ የሚበቃው ነገር የስምንት ሰው ፊርማ ሊፈልግ ይችላል። ከመካከላቸው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ ሊከለከል ይችላል።

እናትሽና እኔ ያሰብነው እንዲህ ነው። ቤቱን ማስቀረት የሚፈልግ ልጅ ቅድሚያ ይኑረው። ዋጋውን ገለልተኛ ገማች ይተምን። የሌሎቹን ድርሻ እስከ መቼ ከፍሎ እንደሚጨርስ ይጻፍ። ፈላጊ ከሌለ በገበያ ዋጋ ይሸጥና ገንዘቡን ተካፈሉ። የውርስ አጣሪውን፣ ማለትም ንብረቱንና ዕዳውን አጣርቶ የሚያከፋፍለውን ሰው፣ ስምም እናስገባለን። ከሦስታችሁ አንዱ ባይሆን ደስ ይለኛል፤ እህት ወይም ወንድም በሌሎቹ ላይ ሲወስን ቅያሜ አይጠፋም።

«ለምን ከአሁኑ በስማችን አታዞረውም?» ያለኝ ወንድምሽ ነው። ጣጣውን ለማሳጠር ብሎ እንጂ ክፋት የለውም። ግን አልፈልግም። ቤቱ በእናንተ ስም ከሆነ በኋላ አንዳችሁ ዕዳ ውስጥ ብትገቡ አበዳሪ ሊያሲዘው ይችላል። ትዳር ቢፈርስም ቤቱ ክርክር ውስጥ ሊገባ ይችላል። እኔና እናትሽ ደግሞ በስተርጅና በገዛ ቤታችን ፈቃድ ጠያቂ እንሆናለን። ግብሩም ቢሆን እንደየአገሩ ሕግ ከውርሱ ሊብስ ይችላል።

እጅሽ ላይ ያለው ውክልናም እንዳያዘናጋሽ። የሚሠራው እኔ በሕይወት እስካለሁ ነው። ብዙ ቤተሰብ «ውክልና አለን» ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጥና ይህን የሚሰማው ከቀብር በኋላ ነው። ወካዩ ከሞተ በኋላ በዚያ ወረቀት ቤት ተሽጦ ቢገኝ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል።

ሌላው የወረቀት ሥራ ነው። የእኔ ኑዛዜ የእናትሽን ድርሻ አይነካም፤ እሷም የራሷን ትጽፋለች። የባለቤትነት ሰነዱ ላይ ያለው ስማችን ከመታወቂያችን ጋር አንድ መሆኑን እናያለን፤ የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ ወራሽን ሊያንከራትት ይችላል። ከባንክ ብድሩ የቀረውንም ጽፌ አስቀምጣለሁ። ምስክር ልሁን እንዳትዪኝ፤ ወራሽ ምስክር ሆኖ ሲፈርም ኑዛዜው ላይ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከአንቺ እፈልጋለሁ። ቤቱን በእርግጥ ትፈልጊዋለሽ? እኔን ደስ ለማሰኘት ብለሽ አትመልሺልኝ። ኑሮሽ ሌላ ቦታ ከሆነና ድርሻሽን በገንዘብ ብትወስጂ የሚሻልሽ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ፤ አልቀየምም። እህትሽንና ወንድምሽንም ይህንኑ ጠይቄአቸዋለሁ። ጠበቃው ዘንድ የምንሄደው የሦስታችሁም መልስ ሲደርሰን ነው።

የሚወድሽ አባትሽ