የሳይንስ ክበብ፦ ዘንድሮ ምን ሠራን?

የእኛ ክበብ ዋንጫ አያመጣም። ሰልፍ ላይ የሚጨበጨብለት ኳሱና ድራማው ነው፤ ይሁን። ዘንድሮ ግን የሚወራ ነገር አለን።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንደ ወትሮው በምርጫ፣ በስብሰባና በጥያቄና መልስ አለፈ። ወሬው የሚጀምረው ሶደሬ ላይ ነው። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ሲወርድ አድሮ አዋሽ የጠላ አተላ መስሏል። አጠገቡ ያለው ፍል ውሃ ግን ጥርት እንዳለ ነው። ልጆቹ ሲገረሙ፣ ከባሌ የመጣች የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ በስብሰባ ላይ ትንፍሽ የማትል ልጅ፣ «ቲቸር፣ እኛ አገር እኮ ምንጩ ራሱ ይደፈርሳል። ለምንድን ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ክበቡ ሌላ ሥራ አልነበረውም። አዳማ የቆመችው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው። ባሌ ውስጥ ወይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የቦረቦረው ግን በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በመጠኑ አሲድ ይሆናል። ይህ ውሃ በሺህ ዓመታት ውስጥ የኖራ ድንጋዩን ስንጥቅ እያሟሟ ቱቦ ያደርገዋል። ዶፍ ሲወርድ ጎርፉ አፈሩን እንደያዘ በስንጥቁ ይገባል፤ የሚያጣራው የለም። ቱቦው ውስጥ ተኝቶ የከረመውንም ደለል ያነሳሳዋል። ከጭቃው ጋር ጀርም ይመጣል። ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ ክሎሪን ጉልበቱ ይቀንሳል።

ልጅቷ ይህንን በሁለት ሃይላንድ አሳየችን። ቂጣቸውን ቆርጣ ገለበጠቻቸው። አንዱን በአሸዋ፣ ሌላውን በኮብልስቶን ስባሪ ሞላች። ከላይ የጭቃ ውሃ አፈሰሰች። ከአሸዋው በስተመጨረሻ ጠብ ጠብ ያለው ጠራ ያለ ነው። ከስባሪው ግን ጭቃው እንዳለ ዱብ አለ። «ይኸው የእኛ ምንጭ!» ብላ ስትጮህ እኔም አላስቻለኝም፣ አጨበጨብኩ።

ለበዓል አገሯ ሄዳ ስትመለስ ድንጋይ ይዛ መጣች። በሚስማር ፍቀን አቼቶ ጠብ ስናደርግበት አረፋ አወጣ፤ የኖራ ድንጋይ ነው። ከአቼቶ በጠነከረ አሲድ ቢሆን ይበልጥ ይፈላ ነበር። የቤተ ሙከራው የአሲድ ጠርሙስ ግን ባዶውን ከቆመ ሰነባብቷል። ማልያ ሲገዛ ያየነውን ያህል አሲድ ሲገዛ አላየንም።

ወደ ሶፍ ዑመር ያሰብነው ጉዞ በመኪና ኪራይ ምክንያት ቀረ። ድፍርስነት የምንለካውም ከብርጭቆ ጀርባ ጋዜጣ አስቀምጠን ፊደሉ ይነበብ እንደሆነ በማየት ነው። ያገለገለም ቢሆን መለኪያ ያላችሁ ወላጆች ብቅ በሉ። ሚኒባስ ያላችሁም አትጥፉ፤ ነዳጁን እኛ እናዋጣለን።